የእንጦጦው ማሕሌትና የላቲኑ ሞቴት
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

የካቲት 15 ቀን አመሻሽ ላይ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣ ሰው መንገዱን ብቻውን አይሄድም። ነጠላውን ያጣፋው፥ ጋቢውን የተከናነበው፥ ልጇን ያዘለችው፥ የጸበል ጀሪካኑን ያንጠለጠለው ሁሉ ከባሕር ዛፉ ሥር ለሥር እያለ ወደ ላይ ያዘግማል። ወደ ኋላው ዞር ያለ እንደ ሆነ የአዲስ አበባን መብራት ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያየዋል። ብርዱ ጽኑ ነው። ነገር ግን በማግሥቱ የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ስለ ሆነ ብርዱን የሚያማርር ሰው ብዙ አይገኝም። በዚህ ዕለት እመቤታችን በጎልጎታ ቆማ ስለ ሰው ልጅ በለመነች ጊዜ ከልጇ የምሕረት ቃል ኪዳን እንደ ተቀበለች ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ የበዓሉም ስም የወጣው ከዚሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ድምፅ መቅጃ መሣሪያ ይዤ ከምእመናኑ ጋራ ወጥቼ ነበር። ሌሊት ማሕሌቱ ተጀምሮ ከቅጥሩ አጠገብ ቆሜ ሳዳምጥ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው አንድ ተማሪ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፥ «ጋሼ፥ በውጭ አገር ቤተ ክርስቲያን በኦርጋን ሲዘመር በስልኬ እሰማለሁ። እጅግ ያምራል። ያ ዝማሬ ምንድን ነው? የእኛስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሌላት ወደ ኋላ ቀርተን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ ሳፈላልግ ከጐናችን የነበሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነገሩን ሰምተው ኖሮ፥ «ልጄ፥ የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው። የፊተኛውን እኔ አላውቀውም፤ እኒህ የራዲዮ ሰው ይንገሩህ። ሁለተኛውን ግን ሌሊቱን ቆመህ ካደመጥህ በኋላ አንተው ራስህ ትመልሰዋለህ» አሉት።

እኔም በዚያ ሌሊት ለልጁ አሳጥሬ የነገርሁትን ዛሬ ለእናንተ ዘርዘር አድርጌ ላቀርብ አስቤአለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ልጁ በስልኩ የሰማው ዝማሬ ሞቴት ይባላል። ሞቴት ማለት በጥቂት ቃላት የተሠራ፥ ብዙ ጊዜም በላቲን ቋንቋ የሚዘመር፥ ልዩ ልዩ የድምፅ ወገኖች በአንድ ጊዜ ልዩ ልዩ ዜማ እየያዙ የሚያሰሙት መንፈሳዊ ዝማሬ ነው። የተወለደው በ13ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩ መዘምራን የጥንቱን ቅዱስ ዜማ ከሥር አድርገው በላዩ ሌላ ዜማ ከነቃሉ ጨመሩበት። ለተጨመረው ድምፅ ቃል ስለ ተሰጠው፥ ቃል በፈረንሳይኛ «ሞ» ይባላልና፥ ዝማሬው ሞቴት ተብሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሞቴት መልኩን ብዙ ጊዜ ለውጧል። በ16ኛው መቶ ዓመት በሮም የነበረው ፓለስትሪና ያለ አንዳች የሙዚቃ መሣሪያ በሰው ድምፅ ብቻ ሊዘመሩ የሚችሉ እጅግ ብዙ ሞቴቶችን ደረሰ። ሞዛርት ደግሞ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1791 ዓመት «አቬ ቬሩም ኮርፑስ» የተባለውን አጭር ሞቴት ለመዘምራን፥ ለባለ አውታር መሣሪያዎችና ለኦርጋን ጻፈ። ይህ ሥራ ርዝመቱ 46 የሙዚቃ ምጣኔ ብቻ ቢሆንም እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ ይዘመራል።

ነገር ግን ስለ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በምንነጋገርበት ቦታ ከሁሉ ይልቅ ሊጠቀስ የሚገባው የአንቶን ብሩክነር ሥራ ይመስለኛል። ብሩክነር በ1824 ዓመት በኦስትሪያ ገጠር ተወልዶ፥ ሊንዝ በተባለው ከተማ ካቴድራል ከ1855 እስከ 1868 ዓመት ኦርጋን ሲመታ ኖረ፤ ከዚያም ወደ ቪየና ተዛውሮ በ1896 ዓመት ዐረፈ። የሊንዙ ጳጳስ ሩዲጊር የተሾሙበት 25ኛ ዓመት በ1878 ዓመት ሲከበር፥ ብሩክነር «ቶታ ፑልክራ ኤስ» የተባለውን ሞቴት ደርሶ አበረከተላቸው። የድርሰቱ ርእስ ሁለንተናዋ ውብ ስለ ሆነች ሴት የሚናገር ሲሆን፥ ቃሉ የተወሰደው ከመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንና ከመጽሐፈ ዮዲት ነው፤ ምስጋናው ለእመቤታችን ለማርያም ሲሆን የሚደመደመውም ምልጃዋን በመለመን ነው።

እንግዲህ የዚህን ሞቴት አሠራር ልብ እንበል። በመጀመሪያ አንድ መሪ ብቻውን ይነሣል። ድምፁ ቴኖር ከሚባለው ከፍ ካለው የወንድ ድምፅ ወገን ነው። መሪው አንድ ቃል አዚሞ ሲያበቃ መዘምራኑ በአራት ወገን ሆነው ይቀበሉታል። እንደ ገና መሪው ይቀጥላል፤ እነርሱም እንደ ገና ይቀበላሉ። ኦርጋኑ ደግሞ ድምፃቸውን ይደግፋል። ዜማው የተሠራው በዘመኑ በተለመደው ስልት ሳይሆን በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ስልት ነው። ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ ወደ ማሕሌቱ እየጠቈመ፥ «ታዲያ መሪው ሲያነሣ ሕዝቡ ሲቀበል፥ ይኸ የእኛ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ልጁ የተናገረው እውነት ነው። የእመቤታችን ምስጋና፥ ከሰሎሞን መጽሐፍ የተቀዳ ቃል፥ አንሺና ተቀባይ፥ በመጨረሻም የምልጃ ልመና፤ ይህ ሁሉ በሊንዝም በእንጦጦም አለ።

እንግዲያስ የሚለያዩት በምንድን ነው? ይህን ለማወቅ አስቀድሞ ኦርጋን ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያሻል።

በእኛ አገር ኦርጋን ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፥ ተሸክመነው የምንሄደውን የፒያኖ ዐይነት መሣሪያ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ግን እንደ አንድ ትልቅ ቤት ነው። ከፍ ያለ ግድግዳ የሚያህል ሆኖ ከመቶዎች እስከ ሺህዎች የሚቈጠሩ የብረትና የእንጨት ቧንቧዎች ተደርድረውበታል። እያንዳንዱ ቧንቧ እንደ አንድ ዋሽንት ወይም እንደ አንድ እምቢልታ ነው። ወናፍ ነፋሱን ወደ አንድ ሣጥን ይሰበስባል፤ ሰውየው በጣቱ የነካው እንደ ሆነ የቧንቧው በር ይከፈትና ነፋሱ ገብቶ ያስጮኸዋል። አጭሩ ቧንቧ ቀጭን ድምፅ፥ ረጅሙ ቧንቧ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። በትልልቆቹ ካቴድራሎች ካሉት አንዳንዶቹ ቧንቧዎች ዐሥር ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ የእነርሱ ድምፅ በጆሮ ከመሰማቱ ይልቅ በደረትና በወንበር ይሰማል። ሰው ሲዘምር ትንፋሹ ያልቃል፤ ኦርጋን ግን ጣት እስካልተነሣለት ድረስ ትንፋሽ አያልቅበትም። ስለዚህ ለመዘምራን ሁለት ነገር ይሰጣቸዋል፤ አንደኛው ድምፃቸው ከቦታው እንዳይወርድ መለኪያ መሆኑ ነው፥ ሁለተኛው ደግሞ ሲያርፉ የማያርፍ መሠረት መሆኑ ነው።

የዚህ መሣሪያ የትውልድ አገር አውሮፓ አለመሆኑን ሳነብ እኔ ራሴ ተገርሜአለሁ። የመጀመሪያው ኦርጋን የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር፥ በእስክንድርያ ከተማ ነው፤ ሠሪውም ክቴሲቢዮስ የተባለ መሐንዲስ ነበር። ነፋሱ እንዳይዋዥቅ በውኃ ክብደት ይጫነው ስለ ነበር የውኃ ኦርጋን ተባለ። ሮማውያን ለጨዋታና ለትርኢት አደረጉት። በቍስጥንጥንያም የቤተ መንግሥት ጌጥ ሆኖ ሲኖር በ757 ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቈስጠንጢኖስ 5ኛ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን ገጸ በረከት አድርጎ ሰደደለት። በምዕራብ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያን እየገባ የሄደው ከዚህ ወዲህ ነው። በምሥራቅ ያሉት ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት ግን ለቤተ መንግሥት እንጂ ለቅዳሴ አላደረጉትም። ስለዚህ አንድ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሌላት መሆኑ የእውቀት ማነስ ምልክት አይደለም። መሣሪያውን ለዘመናት ሲያዩትና ሲሰሙት የኖሩት የቍስጥንጥንያ ሰዎች እንኳ ከቅዳሴያቸው ውጭ አኑረውታልና።

እንግዲህ ወደ እንጦጦ ሌሊት እንመለስ።

ማሕሌት የሚቆመው ቅኔ ማሕሌት በተባለው ክፍል ነው። መዘምራኑ በቀኝና በግራ በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ መቋሚያውን ይዟል፤ ጸናጽሉንም በቀኝ እጁ ያደርጋል፤ ከበሮዎቹ ከመካከል ናቸው። በመጀመሪያ ዜማው ያለ ምንም መሣሪያ በቁሙ ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ከዜማው ጋራ እየተወዘወዘ ይነሣል፥ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጸናጽሉና ከበሮው ገብተው ያው ዜማ በመረግድና በጸፋት እየጠነከረና እየፈጠነ ይሄዳል። አንዱ ቃል በዚህ መንገድ ደጋግሞ እየተመላለሰ፥ በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ልብስ እየለበሰ ይመጣል። አባቶች የከበሮውን ሰፊ አፍ በመለኮት፥ ጠባቡን አፍ በትስብእት፥ በላዩ የተጠላለፈውን ጠፍር በጌታ ግርፋት ይመስሉታል። ስለዚህ ከበሮ ለማሕሌተኛው የመምቻ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሊነበብ የሚችል መጽሐፍም ጭምር ነው።

ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረ የአክሱም ሊቅ ነው። በትምህርቱ ተስፋ ቈርጦ ሲሸሽ አንዲት ትል ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ስትወጣ አይቶ ወደ መምህሩ እንደ ተመለሰ፥ ገድሉ ይነግረናል። ዜማውን በሦስት ከፈለው፤ እነዚህም ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ናቸው። ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥእት የተባሉት መጻሕፍት በስሙ ይጠራሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ደግሞ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት አደራጁት። ድፋት፥ ሒደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቁርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክ የሚባሉት ከፊደል በላይ የሚጻፉ ጥቃቅን ምልክቶች ድምፅ የት እንደሚወርድ፥ የት እንደሚነሣ፥ የት እንደሚሰበር ያመለክታሉ። እንግዲህ ኢትዮጵያ የራሷ ፊደል ብቻ ሳይሆን የራሷ የዜማ ጽሕፈትም ያላት አገር ናት።

ልዩነቱ አሁን ይገለጣል። በሞቴት አራት ድምፅ አራት ዜማ ይዞ ይሄዳል፤ ውበቱም ያለው አራቱ ሲገናኙና ሲለያዩ ነው። በማሕሌት ግን ሁሉ አንድ ዜማ ይዘምራል፤ ውበቱም ያለው በዜማው መታጠፍና መሰበር፥ በአካልም እንቅስቃሴ ነው። ኦርጋን ለመዘምራን የድምፅ መሠረት ይሰጣል፤ ከበሮ ደግሞ የጊዜ መሠረት ይሰጣል። የኦርጋን ቁልፎች አንዱን የድምፅ መሰላል በ12 እኩል ደረጃ ከፋፍለው ያቆሙታል፤ የያሬድ ዜማ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት ደረጃዎች መካከል ወዳለው ስፍራ ይገባል። በዚህ ምክንያት ዜማውን በኦርጋን ላይ ልናስቀምጠው ብንሞክር መሣሪያው ዜማውን ወደ ራሱ ደረጃ ይጐትተዋል። መዘምሩም ሳያውቀው መሣሪያውን መከተል ይጀምራል። ሊቃውንቱ ስለዚህ ጉዳይ ሲጠነቀቁ ሰው ሁሉ አዲስ ነገር ጠሉ ይላቸዋል፤ እነርሱ ግን የሚጠብቁት ይህን በሁለት ቁልፍ መካከል ያለውን ስፍራ ነው።

ደግሞም ሞቴት አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ለዘለዓለም ያው ነው። በማሕሌት ጊዜ ግን ቅኔ አለ። ባለ ቅኔው ለዚያ ሌሊት፥ ለዚያ በዓል አዲስ የግዕዝ ቅኔ ይዘርፋል፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። ስለዚህ ማሕሌት በአንድ እጁ የሺህ ዓመት ዜማ፥ በሌላው እጁ የዚያች ሌሊት ቅኔ ይዟል።

አንድ የሚያስደንቅ መመሳሰል ግን ልጨምር። በእኛ ዘንድ በዐቢይ ጾም ወራት ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ የሚሰማው የሰው ድምፅና መቋሚያ ብቻ ነው። በላቲኖችም ዘንድ በዐቢይ ጾም ኦርጋን ብቻውን አይመታም፤ የሚፈቀድለት የዘማሪውን ድምፅ ለመደገፍ ብቻ ነው። ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት፥ ሐዘንና ንስሓ በሚሆንበት ጊዜ መሣሪያ ጸጥ ብሎ የሰው ልጅ በገዛ ድምፁ ብቻ መቆም እንዳለበት ዐውቀዋል።

ከዚህ በኋላ አንባቢ፥ «ኦርጋን ወደ አገራችን መጥቶ ያውቃልን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አዎን፥ መጥቷል። በ1520 ዓመት በዶም ሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲመጣ፥ ካመጣቸው ገጸ በረከቶች አንዱ ኦርጋን ነበር፤ ከጓዱም ውስጥ ኦርጋን የሚመታ ሰው አብሮ ነበር። ይህን የጻፈልን የጓዱ ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ያ አመጣጥ የወዳጅነት አመጣጥ ነበር። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የላቲኑ ሥርዐት በትእዛዝ ይግባ በተባለ ጊዜ ሕዝቡ ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ዓመት ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት ለሕዝቡ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዜማ በገጸ በረከት ሲመጣ ሰው በደስታ ያደምጠዋል፤ በሰይፍ ሲመጣ ግን የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ጆሮ ይዘጋበታል። የላቲንን ዝማሬ ዛሬ ያለ ፍርሃትና ያለ ቂም ልናደምጠው የምንችለው ማንም የእኛን ጣል ብሎ ስለማያስገድደን ነው።

መሣሪያው ከመምጣቱም አስቀድሞ ስሙ በእኛ ዘንድ ነበረ። በአባቶች ትውፊት የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ድርሰት የሆነውና በሰባቱ ዕለታት የተከፈለው የእመቤታችን ምስጋና አርጋኖን ይባላል፤ ይህም ያው ኦርጋን ማለት ነው። ሊቁ ቧንቧና ወናፍ ሳያስፈልገው ከቃል ብቻ ኦርጋን ሠራ።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሁለቱን ዓለም በአንድ ሕይወት ያገናኙ አንዲት ኢትዮጵያዊት መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ በ1923 ዓመት በአዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው የአውሮፓን ሙዚቃ ተማሩ። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋራ በግዞት ተወስደው ነበር። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በወጣትነታቸው ግን ዓለሙን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ወጡና ዐሥር ዓመት ያህል በምንኵስና ኖሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ፒያኖ ተመለሱ፤ የያሬድንም ዜማ በጎንደር አጠኑ፤ ከሸክላዎቻቸው የተገኘውንም ገንዘብ ለችግረኞች ልጆች አዋሉት። በ1972 ዓመት ካወጡት ሸክላ ስሙ «የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን» የተባለው ነው። በኢየሩሳሌም በተቀዳው በዚህ ሥራ ውስጥ የፒያኖና የኦርጋን ድምፅ ይሰማል። በ1984 ዓመት ወደ ኢየሩሳሌም ጠቅልለው ሄደው በዚያው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ኖሩ፤ በ2023 ዓመትም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

የእኚህን እናት ሥራ ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው አንድ ታላቅ ትምህርት ያገኛል። ኦርጋኑን ወስደው በማሕሌቱ ስፍራ አላቆሙትም። ማሕሌቱን በማሕሌትነቱ ትተው፥ ከእርሱ የሰሙትን በልባቸው ይዘው፥ በመሣሪያቸው ሌላ የራሳቸውን ጸሎት ደረሱ። ከግሸን ስለ ወረዱ ማሕሌቱን፥ ከስዊስ ስለ ተማሩ ፒያኖውን፥ ሁለቱንም በየስፍራው ያውቁ ነበር። ሁለቱን ሳያውቅ ሊቀላቅል የሚነሣ ሰው ግን ሁለቱንም ያጠፋል።

እዚህ ላይ የላቲን ቤተ ክርስቲያን በራሷ ላይ የደረሰውን ነገር መናገር ይገባኛል። በ1963 ዓመት የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሥርዐተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው እንዲጸልይ ፈቀደ። ያው ድንጋጌ የጥንቱ ዜማ የክብር ስፍራውን እንዲይዝ፥ የቧንቧው ኦርጋንም እንዲከበር ያዝዛል። የከለከለ ማንም አልነበረም። ነገር ግን ብዙ ዓመት ሳይቈይ የላቲኑ ዝማሬ ከብዙ አጥቢያዎች ለቆ ሄደ። ሞቴቱን ዛሬ ለመስማት የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በጥቂት ካቴድራሎችና ቲኬት ተቈርጦ በሚገባበት አዳራሽ ነው። ይህ የሆነው ቋንቋው እየተረሳ፥ የሚያስተምር እየጠፋ፥ የሚማርም እየተሰላቸ ስለ ሄደ ነው። ስለዚህ አንድ ዜማ እንዲጠፋ ጠላት ሊነሣበት የግድ አይደለም፤ ተማሪ ማጣቱ ይበቃዋል።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ድጓን ጠንቅቆ ለመማር ብዙ ዓመታት ያስፈልጋል። የድጓው ተማሪ ወደ ቤተልሔም፥ የዝማሬ መዋሥእቱ ተማሪ ወደ ዙር አምባ፥ የአቋቋሙ ተማሪ ወደ ጎንደር ሄዶ፥ ቁራሽ ለምኖ፥ በጎጆ አድሮ ነው የሚማረው። ይህን ያህል ዘመን የሚታገሥ ልጅ ከየት ይመጣል? የሚታገሠውንስ ማን ያበላዋል?

ስለ ሌላ ሰው ጉድለት ከምናገር የራሴን ልናገር። እኔን በልጅነቴ ያሳደጉኝ አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ በአምስት መሥመር ላይ የሚጻፈውን የአውሮፓ ምልክት ተምሬ ወደ ቤት ስመለስ፥ አጎቴ በድጓቸው ላይ ያሉትን ምልክቶች ሊያሳዩኝ ጠርተውኝ ነበር። እኔም ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። በኋላ ራዲዮ ገብቼ ድምፅ መቅጃ በእጄ ያዝሁ። የባለ ሥልጣን ንግግር፥ የስብሰባ መክፈቻ፥ የእግር ኳስ ጨዋታ ቀዳሁ። አጎቴን ግን፥ ከርሞ እቀዳቸዋለሁ እያልሁ፥ አንድ ሌሊት እንኳ ሳልቀዳቸው ዐረፉ። የዚያን ዕለት ወደ እንጦጦ መሣሪያዬን ተሸክሜ የወጣሁት ማንም አዞኝ አይደለም። ዕዳዬን በሌላ አረጋዊ ድምፅ ልከፍል ብዬ ነበር። ነገር ግን ዕዳው በዚህ መንገድ የሚከፈል አልሆነም፤ የሰው ድምፅ በሌላ ሰው ድምፅ አይተካምና።

ሊነጋጋ ሲል ማሕሌቱ ዐርፎ ለቅዳሴው ዝግጅት ሲደረግ፥ አረጋዊው መሪጌታ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የብሩክነርን ሞቴት በስልኬ ከፍቼ ማዳመጫውን በጆሮአቸው አደረግሁላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ ፍጻሜው አደመጡ። ከዚያም ማዳመጫውን በጥንቃቄ መልሰው፥ «ቋንቋውን አላውቀውም፤ ልመናውን ግን ዐወቅሁት። ደጅ የሚጠና ሰው ድምፅ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፥ «ይህን የሠራው ሰው የአባቶቹን ዜማ የተማረ ነው፤ አለዚያ እንዲህ አይወጣለትም» ሲሉ ጨመሩ። ብሩክነር ጥንታዊውን ስልት ለብዙ ዓመታት አጥንቶ መሆኑን እኔ ገና አልነገርኋቸውም ነበር።

ያ ተማሪ ልጅም ሌሊቱን ሙሉ አልሄደም ኖሮ በብርድ እየተንቀጠቀጠ መጣ። መሪጌታው፥ «እህ ልጄ፥ ሁለተኛውን ጥያቄህን መለስኸው?» አሉት። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «አባ፥ ከበሮው ሳይገባ በፊት ያለውን፥ ቀስ ተብሎ የሚባለውን፥ እሱን ለመማር ስንት ዓመት ይፈጃል?» አላቸው። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፥ «መቼ ትጀምራለህ?» አሉት።

ክቡራን አንባብያን፤ የሌላውን አገር ዝማሬ ማድነቅ ነውር አይደለም። ጆሮ የተሰጠን መልካሙን ሁሉ እንድንሰማበት ነው። ሞቴት ካገኛችሁ አድምጡ፤ የኦርጋኑን ነፋስ፥ የአራቱን ድምፅ መገናኘት አስተውሉ። ነገር ግን የጎረቤቱን ማሳ የሚያደንቅ ገበሬ የራሱን ሳያርም መዋል የለበትም። በቤታችሁ፥ በሰፈራችሁ፥ በአጥቢያችሁ ድጓ የሚያውቅ አረጋዊ ካለ ዛሬውኑ ሂዳችሁ ከአጠገቡ ተቀመጡ። ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መቅጃ ያላችሁ፥ ዛሬ በሁሉም ኪስ ስልክ አለና፥ አስፈቅዳችሁ ቅዱ። አቅም ያላችሁ የአብነት ተማሪውን አብሉ።

በመጪው የካቲት 15 ማታ ወደ እንጦጦ የምትወጡ ሁሉ፥ ወፍራም ጋቢ ያዙ፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ከቅጥሩ አጠገብ ስትደርሱም ከበሮው እስኪገባ አትቸኩሉ። ገና ምንም መሣሪያ ሳይሰማ፥ አንድ ሽማግሌ ብቻውን የሚያነሣውን ያን የመጀመሪያውን ድምፅ ቆማችሁ ጠብቁት።